የሰፈር ቡድን ወጌሻና የማኅበር አባልነት

ጥያቄ፦ የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነኝ። ማሸት የተማርኩት ከአባቴ ነው። በቅርቡ የአንድ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት ሲዞር ወዲያው በቅባት አሸሁት፤ አድሮ ይበልጥ አበጠ። የባለሙያዎች ማኅበር አባል ብሆን በሕጋዊ መንገድ መሥራት እችላለሁ?
ከቆሼ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከእብጠቱ ልጀምር። ቁርጭምጭሚት ሲዞር ጅማት ይሳባል ወይም ይቀደዳል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮችም አብረው ይበጠሳሉ። ያኔ ማሸትና ማሞቅ የውስጡን መድማት ያባብሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት አይሹት። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙለት፣ በተለጣጭ ፋሻ ደም ሳያግዱ ይጠቅልሉለት፣ እግሩንም ከፍ አድርጎ ይረፍ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ካመመው ግን ራጅ ያስፈልገዋልና ሳይዘገይ ጤና ተቋም ይሂድ። «ቀላል ነው፣ ልግባ» ቢልዎ አይስሙት፤ ተጫዋች ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

ማኅበሩን በተመለከተ፣ አባልነት የሙያ ፈቃድን አይተካም። በካናዳ የስፖርተኞች ቴራፒ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የዚያ አገር የሙያው ማኅበርም የተመሠረተው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አገር ግን ለዚህ ሥራ ቅርቡ በር ፊዚዮቴራፒ ይመስለኛል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምራል፤ ከምረቃ በኋላ የብቃት ምዘና ፈተናና የሙያ ፈቃድ ይከተላል። የኢትዮጵያ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበርን በር ማንኳኳት የሚሻለው ያኔ ነው። እስከዚያው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የሚሰጠውን የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ቢወስዱ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ሜዳው ዳር በሌላ ዓይን ይቆማሉ።