ሳይጣራ የሚለቀቅ የፋብሪካ ፍሳሽና ሕጉ

የእንጦጦ ጋራ ውሃን ለሁለት ይከፍላል። በሰሜን በኩል የዘነበው ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በደቡብ በኩል የዘነበው ወደ አዋሽ ይሄዳል። የቀበና ወንዝ የሚነሣው ከደቡቡ ጎን ነው። በየካ በኩል ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይቀላቀላል። በከተማው ምዕራብ በኩል የሚወርደው ደግሞ ትንሹ አቃቂ ይባላል። ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይገባሉ።

ይህ ውሃ ከጋራው ሲነሣ የጠራ ነው። ከከተማው ሲወጣ ግን ጠቁሮና ሸትቶ ነው። ምን አገኘው? የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ የተቃጠለ ዘይትና የፋብሪካ እጣቢ ገባበት። ዛሬ የምንማረው ስለ ፋብሪካው ነው።

ፋብሪካ ይጠቅመናል፤ ሥራ ይሰጣል፣ ጫማና ልብስ ያወጣል። ነገር ግን ያለ ውሃ አይሠራም። ለምሳሌ ቆዳ ሲለፋ ጨው፣ ኖራና ክሮም የሚባል ንጥረ ነገር ይገባበታል። ከሥራው በኋላ ብዙው ከውሃው ጋር ይወጣል። ስለዚህ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ክሮም ያለበት ፍሳሽ ለብቻው ተይዞ ክሮሙ ይለያል። ሌላው በወንፊት ያልፋል፤ ገንዳ ውስጥ ረግቶ ዝቃጩ ይወርዳል። ከዚያም አየር ይነፋበትና በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የቀረውን ቆሻሻ ይበሉታል።

ታዲያ ይህን የሚዘል ለምን ይዘላል? ማጣሪያ መብራት ይበላል፤ መድኃኒትና ሠራተኛም ይፈልጋል። ገንዘብ ለማትረፍ ሲል በሌሊት፣ ወይም ዶፍ ሲወርድ፣ በስውር ቱቦ የሚለቅ አለ። ጎርፉ ይሸፍንልኛል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ውሃ ሲበዛ መርዙ ይሳሳል እንጂ አይጠፋም። ክሮምና እርሳስን የመሳሰሉ ብረቶች አይበሰብሱም፤ በደለልና በአፈር ውስጥ ይቀራሉ። ውሃውን ማፍላትም ጀርም ይገድላል እንጂ ብረቱን አያወጣም።

በአቃቂ ውሃ የለማ አትክልት ተመርምሮ እንዲህ ያሉ ብረቶች ተገኝተውበታል። በተለይ ጎመንና ሰላጣ ብዙ ይወስዳሉ። ጎመኑን ገበሬው ያበቅላል፤ የከተማው ሰው ይበላዋል። ቆሻሻው ዞሮ ወደ ላኪው ገበታ ይመለሳል ማለት ነው። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ በአፋር በረሃ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። የጣልንበት ሁሉ እዚሁ ይቀራል። ወንዝ ዳር ተቀምጦ ከብቱን የሚያጠጣው ያጣ ሰው፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ደረሰበት።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ እንዲህ ብሏል፦

1. ከተፈቀደው መጠን በላይ አካባቢን መበከል ክልክል ነው።
2. የበከለ ራሱ ያጸዳል፤ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል።
3. ተቆጣጣሪ ሳያስታውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ ፋብሪካ ገብቶ መመርመር ይችላል።
4. ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም እንኳ ማንኛውም ሰው ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ማቅረብ ይችላል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ ፋብሪካዎችን ለይቶ ይመለከታል። ፋብሪካ ብክለትን እንዲከላከል፣ ካልተቻለም ከተፈቀደው መጠን እንዳያልፍ አድርጎ እንዲቀንስ ያዛል።

እንግዲህ ሕግ በወረቀት ተጽፎ ብቻውን ወንዝ አይጠብቅም። ተቆጣጣሪው ሌሊቱን ሁሉ ወንዝ ዳር አያድርም። የውሃው ቀለም ሲለወጥ መጀመሪያ የምናየው እኛ የወንዝ ዳር ሰዎች ነን። ፊደል ቆጥረናልና እንጻፈው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ቀለሙንና ሽታውን፣ ቱቦው በየት በኩል እንደሚወጣ እንጻፍ። ያላየነውን ግን አንጨምር። ማመልከቻውን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንስጥ። አንዱን ቅጂ ለራሳችን እናስቀር፤ የተቀበሉበትን ቀንም በላዩ እናስጽፍ። ቀኑ ካልተጻፈ 30 ቀኑ ማለፉን በምን እናስረዳለን?

ጥያቄዎች

1. የቀበና ውሃ በመጨረሻ የት ይደርሳል?
2. ፍሳሽን በጎርፍ ማሳሳት መርዙን ለምን አያጠፋውም?
3. በአካባቢያችሁ ወንዝ ላይ ያያችሁትን በአምስት መስመር ጻፉ።