መጀመሪያ ቁጭ በይ

ሻንጣሽን ስትሸክፊ ከኋላሽ ቆሜ እያየሁሽ ነው። ስድስት ጥንድ ጫማ፣ ለዓመት የሚበቃ ሻምፑ፣ ስለ ማስተማር ዘዴ የተጻፉ አራት ወፋፍራም መጻሕፍት። ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። እስቲ ሻንጣውን ተዪውና አልጋው ጫፍ ላይ አረፍ በይ፣ እታለሜ። በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኝነት ካምቦዲያ ገጠር ውስጥ 27 ወር ኖሬ ተመልሻለሁ፤ አሁን ወደዚያው የመሄዱ ተራ ያንቺ ነው። እኔ ስሄድ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

አባባ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ሒሳብ ያስተማረውን የሰላም ጓድ አሜሪካዊ ሲያነሳ ሰምተሻል። የሰላም ጓድ ኢትዮጵያ የገባው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ ካምቦዲያ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች የደረሱት ደግሞ በ2007። አባባ ከዚያ መምህር ከተማረው ቀመር አንዱንም አያስታውስም። የሚያስታውሰው አያቱ የሞቱ ጊዜ ፈረንጁ ድንኳን ውስጥ ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከለቀስተኛው ጋር ንፍሮ እየቆረጠመ መዋሉን ነው። ልጅ ሳለሁ ተራ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የምነግርሽ ሁሉ የሚነሳው ግን ከዚያ ድንኳን ነው።

በቋንቋችን “መርዳት” እና “መረዳት” የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። “መረዳት” ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ ነገሩ ሲገባሽም ተረዳሽ ይባላል፣ ሌላ ሰው ሲያግዝሽም ተረዳሽ ይባላል። አንቺ የተመዘገብሽው ለመርዳት ነው። መንደሩ የሚቀበልሽ ግን በመረዳት በር በኩል ነው፣ በሁለቱም ትርጉሙ። ያንን በር ዘለሽ ለመግባት አትሞክሪ።

ከሥልጠናው በኋላ ሁለቱን ዓመት የምትኖሪው ከአንድ ቤተሰብ ጋር ነው። ቤቱ በምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ ቀኑ የሚያልፈው ግን ከቤቱ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ነው። አያትየዋ የቀርከሃ አልጋ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ፣ ሕፃኑ ከምሰሶ ምሰሶ በተወጠረ ጨርቅ ላይ ተኝቶ ይወዛወዛል፣ ዶሮዎቹ እግር ሥር ይጭራሉ፣ ጎረቤት ሳይጠራ መጥቶ ይቀመጣል። ላንቺ ከላይ በር ያለው ክፍል ይሰጡሻል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቼ ቋንቋ አጠና ነበር። ከታች ያሉት ሰዎች ግን “ታማ ይሆን? ወይስ ተቀይማን?” እያሉ ሲጨነቁ ከርመዋል። ብቻዬን መተኛቴም አሳስቧቸው፣ “መንፈስ አትፈሪም?” እያሉ ከልባቸው ይጠይቁኝ ነበር። እዚያ ብቻውን ለሚሆን ሰው ይታዘንለታል እንጂ አይቀናበትም። ስለዚህ ደብተርሽን ይዘሽ ውረጂና ከቀርከሃው አልጋ ዳር ቁጭ በይ። ነጭ ሽንኩርት ይሰጡሻል፣ ላጪ። ቋንቋው የሚገባሽ እዚያ ነው።

የአገሩ ቋንቋ ክሜርኛ ከታይኛና ከቬትናምኛ በተለየ በድምፅ መውጣትና መውረድ ትርጉም አይለውጥም፤ ይሄ እፎይታ ነው። ፊደሉ 33 ተነባቢዎች አሉት፤ አናባቢዎቹ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይና ከታች ይለጠፋሉ። ሀሁን የቆጠረች ልጅ ይህ አያስፈራትም። የበለጠ የሚያግዝሽ ግን አስተዳደግሽ ነው። እዚያ ሰው የሚጠራው በዝምድና ነው፤ ታላቅ “ቦንግ”፣ ታናሽ “ኦን”፣ ከእናት ትንሽ የምታንስ ሴት “ሚንግ”፣ አያት “ይየይ”። “አንቺ” በሚባልበት ቦታ የሚገቡት እነዚሁ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ገና እንዳየሽ ዕድሜሽን የሚጠይቅሽን ሰው ነገረኛ አድርገሽ አትቁጠሪው፤ ምን ብሎ እንደሚጠራሽ ማወቅ ስለፈለገ ነው። እትዬና ጋሼ ሲባል ሰምተሽ ላደግሽው ላንቺ ይህ እንግዳ አይደለም። ሰላምታም መዳፍ ለመዳፍ ተጋጥሞ ነው፤ ለእኩያ ደረት ላይ፣ ለታላቅ አፍ አካባቢ፣ ለመነኩሴ እስከ ቅንድብ ከፍ ይላል። መነኩሴ ደግሞ ሴት አትነካውም፤ ዕቃም ከእጅሽ ወደ እጁ አትስጪው።

የምግቡ ነገር ብዙ ነው። መንገድ ላይ “ደኅና ነሽ?” ከማለት ይልቅ “ኛም ባይ ሃዎይ ኖው?” ይሉሻል፤ “ሩዝ በላሽ ወይ?” ማለት ነው። መብላት ማለት ሩዝ መብላት ነው፣ እኛ እንጀራ ስንል ኑሮውንም ጨምረን እንደምንለው። ቀጥሎ ፕራሆክ ይቀርብልሻል፤ በጨው ታሽቶ ለወራት የተቀመጠ የዓሣ ድልህ ነው። ሽታው መጀመሪያ ይከብድሻል። ይሄኔ እማማ ቅቤ ስታነጥር የፎቃችን ጎረቤቶች ፊታቸውን ሲያጠቁሩ ምን እንደተሰማሽ አስታውሺ፤ ፊትሽን አታጥቁሪ። ትንሽ ቅመሺ፣ ነገም ትንሽ ቅመሺ። የምትጾሚ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው፤ ሃይማኖት የሚያከብሩ ሰዎች ናቸውና አይከፉም። ግን ከዓሣ መረቅና ከፕራሆክ የጸዳ ወጥ ማግኘት ከባድ እንደሆነ ከወዲሁ እወቂው፤ አትክልቱን ራስሽ እንድትሠሪ ምድጃውን ለምኛቸው። “ወፍረሻል” ሲሉሽ ደግሞ አትዘኚ። አክስቶቻችን ስንቴ ብለውሻል? ሰው አየሁሽ ማለቱ ነው።

ከቤቱ ጎን ወገብሽን የሚያልፉ ትልልቅ ጋኖች ታያለሽ፤ ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውኃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የምትታጠቢውም በአብዛኛው እዚያው አጠገብ ነው፤ ሽርጥ ደረትሽ ላይ ታስሪና በጣሳ ትቀጂያለሽ። ሁለት ነገር ልብ በይ። ሽርጡን ሳትፈቺ መታጠብና መቀየር እስክትለምጂ ቀስ በይ፤ የቤቱ ሴቶች ያሳዩሻል። የጋኑን ክዳን ደግሞ ሁልጊዜ መልሺ። ዴንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በእንዲህ ያለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው፤ የምትናከሰውም ቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንሽም።

ራስሽን ሲያምሽ “ንፋስ ገብቶብሻል” ይሉሻል። ይሄን ቃል ከእማማ አልሰማሽውም? ጀርባሽን ቅባት ቀብተው በሳንቲም ጠርዝ ይፍቁታል፤ የሚወጣው ቀይ ሰንበር በጥቂት ቀን ይጠፋል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልኩ። አያትየዋ ሳንቲሙን ጨብጠው ወደ ታች ሲወርዱ ያየሁት ፊታቸው እስካሁን ይቆጨኛል። ትኩሳት ካለሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪም ደውዪ፤ ስትጨርሺ ጀርባሽን ስጫቸው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ውሻ ከነከሰሽ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውኃ እጠቢና በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ሂጂ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም። ብስክሌት ስትነጂ የራስ ቁርሽን አድርጊ። ሲመሽ ደግሞ ቤት ግቢ፤ ቤተሰቡ “ጨለመ” ሲልሽ ነፃነቴ ተነካ ብለሽ አትከራከሪ። ሰፈሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ምድብሽ ወደ ባታምባንግ ወይም ወደ ሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ ከሆነ የተረገጠ መንገድ ለቀሽ አትሂጂ፤ ካለፉት ጦርነቶች የቀረ ፈንጂ ዛሬም መሬት ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ ማንም በሥልጠና ላይ በደንብ የማይነግርሽን ልንገርሽ። መልክሽን ያያሉና አሜሪካዊት ነኝ ስትዪ አያምኑሽም። “እውነተኛዋ አሜሪካዊት መቼ ትመጣለች?” ብለው የጠየቁኝ አሉ። ልጆች ፀጉርሽን ይነካሉ። ገበያው በቆዳ ማንጫ ቅባት የተሞላ ነው፤ ነጭነትን ከውበት፣ ጥቁረትን ፀሐይ ላይ ከመልፋት ጋር ያያይዙታል። አዝነውልሽ ቅባቱን በስጦታ የሚያመጡልሽም ይኖራሉ። ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሽሽም። በየቀኑ ለሁሉም ሰው መምህር የመሆን ግዴታ ግን የለብሽም። ጉልበት ባለሽ ቀን ተቀምጠሽ አስረጂ፤ ቤተሰባችን ከየት እንደመጣ፣ እንዴት አሜሪካ እንደገባ በዝርዝር ንገሪያቸው። ጉልበት በሌለሽ ቀን ፈገግ ብለሽ ብስክሌትሽን ንጂና ማታ ለእኔ ደውዪ። ቅባቱን አትቀበዪ። ለምን እንዳልተቀበልሽ ደግሞ ከክፍልሽ ሴት ልጆች አትደብቂ። እርሻ ላይ ውለው የጠቆሩ፣ በዚህም የሚያፍሩ ልጆች ናቸው። አንቺ በቆዳሽ ኮርተሽ ፊታቸው መቆምሽ ከማንኛውም የሰዋስው ትምህርት ይበልጥባቸዋል።

ስለ ሥራው ብዙ አልልሽም፤ ክፍል ውስጥ ከካምቦዲያዊ መምህር ጋር አብረሽ ታስተምሪያለሽ። ሩዝ ሲተከልና ሲታጨድ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ስንፍና አይደለም፣ የዓመት ቀለብ ነው። ያበላሸሁትን አንድ ነገር ግን ስሚ። በሁለተኛው ዓመት ከዚህ ገንዘብ አሰባስቤ የመጻሕፍት ክፍል አደራጀሁ። ግድግዳውን ቀባን፣ የዓለም ካርታ ሳልን፣ በደስታ ተመረቀ። ከሄድኩ በኋላ ክፍሉ ተቆለፈ። ሰዎቹን ወቀስኳቸው። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ መጽሐፍ ቢጠፋ የሚጠየቀው ቁልፉን የያዘው መምህር ነበር፣ ደመወዙ ደግሞ ትንሽ ነው። በሩን መቆለፉ በልጆቹ ላይ የተደረገ ክፋት አልነበረም፣ ራሱን መጠበቁ ነበር። “የጠፋው መጽሐፍ በማን ላይ ይወድቃል?” ብዬ አልጠየቅኩም። ከቀለሙና ከካርታው በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ያንን ነው። አንቺ ማንኛውንም ነገር ከመጀመርሽ በፊት ከቀርከሃው አልጋ ላይ ሆነሽ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጠይቂ፤ መልሱን እስክታገኚ ወራት ቢያልፉም ጊዜው አልባከነም።

የመጨረሻውን ረጋ ብዬ ልንገርሽ። እኛ አገር ቀይ ሽብር በነበረበት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ካምቦዲያ በክሜር ሩዥ እጅ ነበረች። ከኤፕሪል 1975 እስከ ጃንዋሪ 1979 እ.ኤ.አ. በቆየው አገዛዝ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በረኃብ፣ በልፋት፣ በበሽታና በግድያ አልቋል፤ የተማረ ሰው፣ በተለይ መምህር፣ ተለይቶ ይታደን ነበር። አጠገብሽ ጎመን የሚቀነጥሱት ሴት ያንን ያዩ ናቸው። አትጠይቂያቸው። መጽሐፍ ስላነበብሽ ብቻ አፍ አታስከፍቺ። እማማ ስለ ወንድሟ ስትጠየቅ እንዴት ወደ ምድጃው እንደምትዞር ታውቂያለሽ፤ እሳቸውም እንደዚያው ናቸው።

በየዓመቱ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ፕቹም ቤን የሚባል የ15 ቀን የሙታን መታሰቢያ አለ። ሰው ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ ወደ ቤተ መቅደስ ይሄዳል፤ እስከ ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ላሉ ዘመዶች የሩዝ ድቡልቡል ይቀርባል። ሰባት ቤት መቁጠር የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዋዜማው የቤተሰባችንን ፎቶዎች ለአያትየዋ እያሳየሁ ነበርና የአጎታችን ፎቶ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። “ይሄ ማነው?” አሉኝ። “የእናቴ ወንድም ነው። በወጣትነቱ ተገደለ፤ አስከሬኑ አልተገኘም” አልኳቸው፣ በነበረችኝ ጥቂት ክሜርኛ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነስተው አንድ ዘንግ ዕጣን ለኩሰው ፎቶው ፊት ተከሉና “የእኔም ወንድም” አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ንጋት ላይ ሩዙን ስናድበለብል አንዱን ለብቻ አስቀምጠው፣ “ይሄ ለአጎትሽ” አሉኝ።

በማግስቱ ለእማማ ደውዬ ነገርኳት። አጎታችን መቃብር ስላልነበረው እኮ በወጉ ተዝካር አልወጣለትም። ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እሱ፣ ምን ዓይነት ዘፈን ይወድ እንደነበር ሳይቀር፣ ነገረችኝ። 27 ወር ሙሉ ካደረግሁት ሁሉ ያ የዋዜማ ምሽት ይበልጥብኛል። እኔ ሰጠሁ ወይስ ተቀበልኩ፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

በይ አሁን ሻንጣውን ክፈቺው። ከመጻሕፍቱ ሁለቱን አውጪ፣ ከጫማውም ሦስቱን። በቦታው ግማሽ ኪሎ ቡና አድርጊ፤ ከቤቱ ሥር ትቆዪላቸዋለሽ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ይሄንንም ያዢ፣ ከግድግዳው ላይ አውርጄ ያስገለበጥኩልሽ የአጎታችን ፎቶ ነው። በልብሶቹ መሀል አድርጊው፣ እንዳይታጠፍ።