ትክክለኛ የይለፍ ቃል የሚመለስበት ምክንያት፦ በኮምፒውተር ኢሜይል ፕሮግራም የመግቢያ ስህተት

እንደ ተንደርበርድ ባሉ የኮምፒውተር ኢሜይል ፕሮግራሞች «መግባት አልተቻለም» የሚለው መልእክት ሲታይ ተጠቃሚው አብዛኛውን ጊዜ የይለፍ ቃሉን ይጠረጥራል። ይኸው ቃል በድረ ገጽ በኩል የሚያስገባ ከሆነ ግን ምርመራው ቃሉን ትቶ ወደ ማረጋገጫው ስልት መዞር አለበት።

ጉግል ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በግል አካውንቶች ላይ በተራ የይለፍ ቃል ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን መቀበል አቁሟል፤ ማይክሮሶፍትም ከመስከረም 2015 ዓ.ም. አንሥቶ በኤክስቼንጅ ኦንላይን ተመሳሳዩን መንገድ መዝጋት ጀምሯል። በምትኩ የተያዘው ኦኦት 2.0 የተባለው ስልት ነው። በዚህ ስልት ተጠቃሚው ቃሉን የሚያስገባው በአገልግሎት ሰጪው መስኮት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የሚቀበለው ቃሉን ሳይሆን የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው። ቀደም ብሎ የተዋቀረ አካውንት በአሮጌው ምርጫ ላይ ከቀረ አገልጋዩ ትክክለኛውን ቃል ጭምር ይመልሳል። ቃሉን ደጋግሞ መቀየር ታዲያ ምንም አይፈይድም።

መፍትሔው በአካውንቱ ቅንብር የማረጋገጫውን ስልት ወደ ኦኦት 2 መለወጥ፣ የተቀመጠውን አሮጌ ቃል ማጥፋትና ፕሮግራሙ ኩኪ እንዲቀበል መፍቀድ ነው። የወጪ መልእክት አገልጋይ ቅንብር ለብቻው ስለሚያዝ መቀበል ተችሎ መላክ ሲከለከል እርሱም ይታይ።

አካውንቱን ሰርዞ እንደ አዲስ መክፈት ቀላል ይመስላል። አካውንቱ በፖፕ 3 የሚሠራ ከሆነ ግን መልእክቶቹ ከአገልጋዩ ተነሥተው በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ሊገኙ ይችላሉ፤ ከነመረጃው የተሰረዘ አካውንት የዓመታት የምርምር ደብዳቤዎችን ይዞ ይጠፋል።