ከተከራየኸው ቤት ውጣ ብትባል

በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ ቡልቡላ በኪራይ ቤት የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ነው። ምናልባት አንተም ከእነዚህ አንዱ ትሆናለህ። አንድ ማታ ባለቤቱ መጥቶ፣ «ከአንተ አብልጦ የሚከፍል አግኝቻለሁና በሚመጣው ሳምንት ቤቴን ልቀቅ» ቢልህ ምን ታደርጋለህ? ልጆችህ በዚያው ሰፈር ይማራሉ፤ ዕቃህን የምታስጠጋበት ስፍራም የለህም።

በዚያ ሰዓት ሁለት ክፉ መካሪዎች ይመጡብሃል፤ አንዱ ቁጣ፣ ሁለተኛውም ፍርሃት ነው። ቁጣ፣ «ተሳደብ፤ ኪራዩንም ከልክለው» ይልሃል። ፍርሃት ደግሞ፣ «ዝም ብለህ ዕቃህን ጫን» ይልሃል። ሁለቱንም አትስማ፤ ሕጉን መርምር እንጂ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። ከአዋጁ እነዚህን ነገሮች በልብህ ያዝ።

አንደኛ፤ የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይገባዋል። በአዲስ አበባ ምዝገባው በወረዳ ይፈጸማል።

ሁለተኛ፤ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም።

ሦስተኛ፤ ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው አካል ካስታወቀው መጠን ማለፍ የለበትም። አስቀድሞ የሚከፈለውም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም።

አራተኛ፤ ቤቱ በሽያጭ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ እንኳ ለተከራዩ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።

እንግዲህ «የሚበልጥ ከፋይ አገኘሁ» ማለት ውልን ለማፍረስ በቂ ምክንያት እንዳይደለ ታያለህ። ነገር ግን ይህ ሕግ ለሰነፍ መሸሸጊያ አይደለም። ኪራዩን በቀኑ የማይከፍል፣ ቤቱን ሆን ብሎ የሚያበላሽ፣ ወይም ለወንጀል ሥራ የሚያውል ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊወጣ ይችላል። መብቱን የሚጠይቅ አስቀድሞ ግዴታውን ይፈጽም።

እኔ ራሴ በጐልማሳነቴ በኮተቤ በቃል ብቻ ተከራይቼ፣ ገንዘቡንም ያለ ደረሰኝ በእጅ እከፍል ነበር። ውጣ በተባልሁ ጊዜ መክፈሌን የሚያስረዳ አንዲት ወረቀት እንኳ አልነበረኝም፤ እውነት ይዤ ሳለሁ አፍሬ ወጣሁ። አንተ ግን እንዲህ አትሁን።

ስለዚህ ውልህን ዛሬ አስመዝግብ፤ ኪራዩን በባንክ ክፈል፤ ደረሰኙንም ጠብቅ። ውጣ ብትባል ምክንያቱን በጽሑፍ በትሕትና ጠይቅ። ኪራይህን መክፈል አታቋርጥ። ባለቤቱ እንቢ ቢል ውልህን ይዘህ ወደ ወረዳው ሂድ፤ ከዚያም ቢያስፈልግ ወደ ፍርድ ቤት አቤት በል።

አንተም የቤት ባለቤት ሆነህ ይህን የምታነብ፣ ቤቱ የአንተ እንደ ሆነ እውነት ነው፤ ቃልህ ግን ከተፈራረምህ በኋላ የሁለታችሁ ነው።