የደከመ ጉልበትን በእጅ ስለ ማፍታታት

ዕድሜያቸውን በስግደትና በማኅሌት ያሳለፉ አረጋውያን ጠዋት ከመኝታቸው ሲነሡ ጉልበታቸው አልታዘዝ እያላቸው፣ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ግን እየተፍታታላቸው ሲሄድ ብዙዎቻችን በየቤታችን አይተናል፤ ይህም ሐኪሞች ኦስቲኦአርትራይተስ የሚሉት፣ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚያለብሰው ልም ዐጥንት እየሳሳ፣ አንጓውን የሚከብበውም ሽፋን እየጠነከረ ሲሄድ የሚመጣ ደዌ ነው። የሳሳውን ልም ዐጥንት እጅ አይመልሰውም፤ የጠነከረውንና የተኮማተረውን ግን ሊያላላው ይችላልና፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጉልበቱን መርምሮ ከፈቀደ በኋላ ቤተ ሰብ ሊሠራው የሚችለውን እነሆ እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበቱ ይታይ። ቀልቶና ግሎ ቢገኝ፣ ትኩሳት ቢኖር፣ ባት አብጦ ቢያም፣ ወይም ሕሙሙ ወድቆ በእግሩ መቆም ቢሳነው፣ አስታማሚው እጁን ሰብስቦ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰደው።

ይህ ከሌለ ሕሙሙ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ በጀርባው ይተኛ፤ ጭኑ ካልላላ የጉልበቱ ሎሚ አትንቀሳቀስምና ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ይግባለት። አስታማሚውም እጁን አሙቆ፣ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን በሎሚዋ አንድ ጠርዝ፣ ጠቋሚዎቹን በሌላው ጠርዝ አሳርፎ፣ ወደ ውስጥ ሳይደፍቃት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ኋላም ወደ ጭንና ወደ እግር፣ በየአቅጣጫው ለ1 ደቂቃ ያህል በዝግታ ያንሸራትታት። በመካከሉም «እማማ፣ ሕመሙ ከ10 ስንት ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከ3 ካለፈ እጁን ያቅልል። ሕሙም ካልጮኸ እጅ እንዳልሠራ የሚቈጥሩ ወጌሾች አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፣ የተሠቀቀ ጡንቻ የበለጠ ይገተራል እንጂ አይላላምና። ጉልበቱ ሲንቀሳቀስ ቀጭ ቀጭ ቢል ግን፣ ሕመም እስካልተከተለው ድረስ፣ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉልበትን የማቅናት ሥራ ነው፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ሌላውን ትቶ ይህን ቢሠራ እመርጣለሁ። ጉልበት ፈጽሞ ሲቀና ሰው የጭኑን ጡንቻ አሳርፎ ሊቆም ይችላል፤ ጥቂት እንኳ ታጥፎ የቀረ እንደ ሆነ ግን ያ ጡንቻ ቅዳሴው እስኪፈጸም ያለ ዕረፍት ሲጐትት ይቆያል፣ የጐተተውም ሁሉ ሎሚዋን ከጭን አጥንት ጋር ያጣብቃታል። ስለዚህ ጋቢው ከጉልበቱ ሥር ወጥቶ ከተረከዙ ሥር ይግባ፣ ቋንጃውም ከፍራሹ ተነሥቶ ይንጠልጠል፤ አስታማሚው አንዱን መዳፍ ከሎሚዋ በላይ፣ ሌላውን ከሎሚዋ በታች በቅልጥሙ ራስ ላይ አሳርፎ፣ ሎሚዋን ራሷን ሳይነካ፣ ቀለል አድርጎ ወደ ታች ይጫን፣ 20 ወይም 30 ሰከንድ ይዞም ይልቀቅ፣ ይህንንም 4 ጊዜ ይድገም። ወዲያው ሕሙሙ ራሱ ጭኑን አጥብቆ ጉልበቱን ያቅና፣ 5 ሰከንድ እየያዘም 10 ጊዜ ይሥራ። እጅ ያላላውን አንጓ ጡንቻ ካልተረከበው ተመልሶ ይኮማተራል፤ በአሜሪካ በ83 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ሕመምና የመራመድ ችግር ሲቀንስ ያሳየው የእጅ ሕክምናና የአካል እንቅስቃሴ አንድ ላይ በተሰጡበት ወገን ነበር።

የማጠፉ ሥራ ቀላል ነው፤ ተረከዙ በነጠላ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መቀመጫ ይሳብ፣ እንቢ ባለበትም አፍታ ቆሞ ይመለስ። በመጨረሻ ጭኑና ባቱ በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይታሹ፣ የቋንጃ ጕድጓድ ግን የደም ሥርና ነርቭ የሚያልፍበት ነውና ጣት አይጫነው።

ሕሙሙ ወዲያው ተነሥቶ በቤት ውስጥ ጥቂት ይመላለስ። ሕመሙ በማግሥቱም ሳይበርድ ቢገኝ ሥራው ከብዶ ነበርና በሚቀጥለው ጊዜ ይቀነስ። ምርኩዝ የሚይዝም ቢሆን፣ የታመመው ቀኝ ጉልበቱ እንደ ሆነ በግራ እጁ ይያዝ፤ በታመመው በኩል ሲደገፉ የማያቸው ብዙዎች ናቸውና።