ጌሙ አፕዴት ሲሆን ሴቫችሁን ለማትረፍ

ሃግሴትራ ቤታችን ውስጥ ከትንሹ ወንድሜ ጋር ሦስት ወር የተጫወትነው ክሩሴደር ኪንግስ 3 አንድ ማታ አልከፈት አለን። እዚሁ ስቶክሆልም የሚሠራው ጌም አፕዴት ሆኗል፤ የጫንናቸው 40 ሞዶች ግን ለድሮው ቨርዥን የተሠሩ ናቸው። ቅጂ ያላስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለንጉሣችን ያወጣነው የአያታችንን ስም ነበር፤ ወንድሜ እሳቸውን በአካል አያውቃቸውም።

እናንተ እንዲህ አድርጉ፦

1. ሞዶቹ ሳይሟሉ ከፍታችሁ በድሮው ሴቭ ላይ ሴቭ አታድርጉ።
2. የሴቭ ፎልደሩን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ።
3. ስቲም ላይ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቤታስ ገብታችሁ የድሮውን ቨርዥን ምረጡ።
4. የወርክሾፕ ሞዶችም በራሳቸው አፕዴት ስለሚሆኑ፣ ገና ስትጀምሩ የእነሱንም ቅጂ ያዙ።

እኛ 4ኛውን ባለማድረጋችን ስድስት ሞዶች ቀሩብን። ንጉሡ ግን ከነስሙ ተመለሰ።