«ጨጓራሽን ልታስቆርጪ ነው?» ለክብደት ቀዶ ጥገና የወሰነ ሰው ለወዳጆቹ ጥርጣሬ የሚሰጠው መልስ

በዛሬው የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን ይዘን የቀረብነው ርዕስ ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። ይሁን እንጂ በውጭ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት አልፎ ወደ ከተሞቻችን እየገባ ስለሆነ ልንማማርበት ይገባል።

እስቲ ጎርጎራ ተወልዳ በሥራ ምክንያት ባህር ዳር የምትኖር አንዲት እህት በሐሳባችን እንያዝ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 105 ኪሎ ነው። ስኳርና የደም ግፊት አለባት። ሌሊት ስታንኮራፋ ትንፋሿ እየተቋረጠ ከእንቅልፏ ትባንናለች። ለዓመታት ምግብ ቀንሳ፣ በእግሯ ተጉዛ፣ ጥቂት ኪሎ ጥላ መልሳ አግኝታዋለች። በመጨረሻ ሐኪሞቿ የጨጓራ ቀዶ ጥገና እንደሚጠቅማት ነገሯት፤ ውጭ አገር ያለው ወንድሟም ወጪውን ሊሸፍንላት ቃል ገባ። ለዒድ በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጋ ጎርጎራ ስትገባ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። እናቷ ታለቅሳለች። አጎቷ «ሰው ጾሞ ይከሳል፤ አንቺ ሆድሽን በቢላ ታስቀንሻለሽ?» ይላታል። አክስቷ «አላህ የሰጠሽ ሥጋ ምን በደለሽ?» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ «ከዚያ ወዲያ እህል አይገባልሽም አሉ» ብላ ትጨምርበታለች።

ይህች እህት ምን ትመልስ? ከማንስ ጋር ትነጋገር? ከማን ጋርስ ዝም ትበል?

ጥርጣሬው ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ጥርጣሬውን እንደ ጠላትነት አንቁጠረው። በአገራችን ረሃብ እንጂ ጥጋብ በሽታ ሆኖ አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በወሊድ ዕድሜ ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በላይ ቀጭኖች ሲሆኑ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ብዙው ሰው የሚያውቀው ሕመም መክሳትን ነው። የወፈረን ሰው «ተመችቶሃል» እንለዋለን፤ የከሳውን «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ብለን እንጠይቃለን። ስለዚህ እናት «ልጄ ልትከሳ ገንዘብ ትከፍላለች» ሲሏት ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

ሁለተኛው ምንጭ ፍቅር ነው። ቀዶ ጥገና ሲባል ብዙ ቤተሰብ ትዝ የሚለው ሆስፒታል ገብቶ ያልተመለሰ ዘመድ ነው። ጠያቂው «አታድርጊ» ሲል ብዙ ጊዜ በልቡ ያለው «እንዳላጣሽ እፈራለሁ» የሚለው ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከመቆጣቱ በፊት ፍርሃቱን ይሰማል።

መጀመሪያ ለራስዎ ይመልሱ

ለራሱ በቅጡ ያልገባውን ነገር ለሌላ ማስረዳት የሚችል የለም። ስለዚህ ዋናውን ነጥብ ይያዙ።

በዛሬው ጊዜ በስፋት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና እንደ እጅጌ የጠበበ ከረጢት ይቀራል፤ ይህ ወደ ነበረበት አይመለስም። በሁለተኛው ከጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይያያዛል፤ ምግቡም የጨጓራውን አብዛኛውን ክፍልና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ሁለቱም በአብዛኛው የሚከናወኑት በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ታግዞ ነው።

ለማን ነው? ክብደትዎን በኪሎ ይውሰዱና ቁመትዎ በሜትር በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ያካፍሉት። የእኛ እህት 105 በ2.56 ሲካፈል 41 ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ በወጣው መመሪያ ይህ ቁጥር 40 ሲደርስ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ሲኖር ቀዶ ጥገናው ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የሙያው ማኅበራት ይህን አሻሽለው ቁጥሩ ከ35 ጀምሮ በሽታ ባይኖርም እንዲመከር፣ ከ30 እስከ 35 ባለው ደግሞ የስኳር በሽታና መሰሎቹ ካሉ እንዲታሰብ አድርገዋል። ለሠርግ ቀሚስ አምስት ኪሎ መቀነስ ለሚፈልግ ሰው የሚሆን ሕክምና አይደለም።

በየቤቱ የሚነሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

1ኛ. «አፍሽን ብትዘጊ ይበቃሽ ነበር» የሚል። ይህ ንግግር ከሁሉም በላይ ያቆስላል። ሰውነት ክብደት ሲቀንስ ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የረሃብ ስሜት የሚያመጣውን ሆርሞን ያበዛል፣ የሚያቃጥለውንም ኃይል ይቆጥባል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 በተጀመረ ትልቅ ጥናት ቀዶ ጥገና ያላደረጉት 2,037 ወፍራም ሰዎች ክብደት እስከ 15 ዓመት በደረሰ ክትትል በአማካይ ከ2 በመቶ በላይ አልተለወጠም። እነዚህ ሁሉ ሰነፎች ነበሩ ማለት አይቻልም። ለአጎትዎ በትሕትና «አጎቴ፣ አፌን ዘግቼ ሞክሬያለሁ፤ አሁን የምታከመው ስንፍናን ሳይሆን በሽታን ነው» ይበሏቸው። ክርክሩን ከዚያ አያስረዝሙት።

2ኛ. «መርፌ መጥቷል አሉ፤ ለምን እሱን አትወጊም?» የሚል። እውነት ነው፤ በቅርብ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ውጤታማ መርፌዎች መጥተዋል፤ ለአንዳንዱ ሰውም ከቀዶ ጥገና ይልቅ ይስማማሉ። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱ በሆነው በሴማግሉታይድ ላይ በተደረገ ጥናት መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች ከጣሉት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው አግኝተዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ሳላቋርጥ ልገዛው እችላለሁን?» የሚል ነው። ይህን ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መመካከር ተገቢ ነው።

3ኛ. «ትሞቻለሽ!» የሚል። አደጋ የለውም ብለው አይዋሹ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 4,776 ሰዎች ተከታትለው፣ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ1,000 ሰው 3 ያህሉ ነበሩ፤ ከ100 ሰው 4 ያህሉ ደግሞ ከባድ ችግር ገጥሟቸዋል። የስፌት መፍሰስ፣ የደም መፍሰስና በእግር ደም ሥር የሚረጋ ደም ዋና ዋናዎቹ አደጋዎች ናቸው። በሌላ በኩል ከላይ በጠቀስነው የስዊድን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ውጤት፣ በአማካይ 11 ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ካልተሠሩት 2,037 ሰዎች 129፣ ከተሠሩት 2,010 ደግሞ 101 ሞተዋል። ቀዶ ጥገናው አደጋ አለው፤ ሳይታከሙ መቅረትም አደጋ አለው።

ምናልባት የግብፃዊቷን የኢማን አብዱልዓቲን ታሪክ ያነሱብዎታል። 500 ኪሎ ገደማ ትመዝን የነበረችው ይህች እህት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በሕንድ ሙምባይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ በዚያው ዓመት መስከረም በአቡዳቢ አርፋለች። ሆስፒታሉ ለሞቷ ምክንያት ያደረገው የልብና የኩላሊት ሕመሟን ነው። አላህ ይዘንላት። ከዚህ የምንማረው ሕክምናን ልብና ኩላሊት እስኪደክሙ ማዘግየት ሸክሙን እንደሚያከብደው ነው።

4ኛ. «የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ?» የሚል። ይህ ጥያቄ ከዲን ስለሚነሳ በአክብሮት መመለስ አለበት። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባካሄደው 18ኛ ጉባኤው ስለ ማስዋቢያ ቀዶ ጥገና ሲወስን የክብደት ጉዳይንም አንስቷል። ክብደቱ በሽታ ከሆነ፣ ከቀዶ ጥገና ሌላ መንገድ ከሌለና ከጉዳት መዳን ከታመነ፣ በታወቁ የሕክምና ዘዴዎች፣ ቀዶ ጥገናን ጨምሮ፣ ክብደትን መቀነስ እንደሚፈቀድ ገልጿል። እንግዲህ ልዩነቱ በሕክምናና በጌጥ መካከል ነው። የሐኪምዎን ወረቀት ይዘው የአካባቢዎን ዓሊም ያማክሩ። ለአክስትዎ የእርስዎ አሥር ቃል ከሚያስረዳት ይልቅ የሸኻችን አንድ ቃል ሊያሳርፋት ይችላል።

5ኛ. «እህል አይገባልሽም፤ ረመዷንንስ እንዴት ልትጾሚ?» የሚል። እህል ይገባል፤ መጠኑና ቅደም ተከተሉ ግን ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ለስላሳ፣ ከዚያ ጠንካራ ምግብ ይወሰዳል። በማዕድ ላይ መጀመሪያ የሚበላው ገንቢ ምግብ ነው። ለጣና ዳር ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ቆሮሶ፣ እንቁላል፣ እርጎ፣ ምስር፣ የደንቢያ ሽምብራ ሽሮ አለለት። እንጀራው በመጨረሻ በትንሹ ይመጣል። ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ግን ላብ፣ ማዞርና የልብ ትርታ ሊያመጣ ስለሚችል ይተዋል።

ጾምን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሃ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ መጠጣት ስላለበት፣ በቀን የቀረውን ሌሊት ማካካስ አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲቆይ ይመክራሉ። ሕመምተኛ ማፍጠር የተፈቀደለት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቀዷውን ስለማውጣት ዓሊምዎን ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ በሐኪም ፈቃድ የሚጾሙ ብዙዎች ናቸው።

6ኛ. «ልጅስ?» የሚል። ውፍረት ሲቀንስ የወር አበባ መዛባት ተስተካክሎ የመፀነስ ዕድል ሊጨምር ይችላል። ይሁን እንጂ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲዘገይ ይመከራል። ባልና ሚስት ይህን አስቀድመው ይስማሙ፤ የሚዋጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ ሥራው ሊቀንስ ስለሚችልም ሐኪም ይጠየቅ።

ለማን፣ ምን ያህል ይነገር?

ሁሉም ሰው ማብራሪያ የማግኘት መብት የለውም። የአሜሪካው የኒው ጀርሲ ግዛት አስተዳዳሪ የነበሩት ክሪስ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 በምስጢር የጨጓራ ቀለበት አስገብተው፣ ለሕዝብ የገለጹት በግንቦት ነበር። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው እንኳ ጊዜውን ከመረጠ እርስዎም ይችላሉ።

ሰዎችን በሦስት ይክፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ የሚያስታምሙዎት ናቸው፤ ባለቤትዎ፣ እናትዎ፣ እህትዎ። ለእነርሱ ሁሉንም ይንገሩ፤ ቢቻል ከሐኪሙ ጋር ያገናኟቸው። ሁለተኛዎቹ አስተያየታቸውን የሚያከብሩላቸው ሽማግሌዎችና ዘመዶች ናቸው፤ ለእነርሱ ሕመሙንና የሐኪሙን ምክር በአጭሩ ይንገሩ። ሦስተኛዎቹ በሠርግና በገበያ የሚጠይቁት ናቸው። ለእነርሱ «አልሐምዱሊላህ፣ በሐኪም ክትትል ላይ ነኝ» ይበቃል። ይህ ውሸት አይደለም። ከከሱ በኋላም «ምነው፣ ምን ነካሽ?» የሚል ሐሜት እንደሚመጣ አስቀድመው ይወቁ፤ በዚያ ቀን ከጎንዎ የሚቆሙት እውነቱን የነገሯቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

መሰማት ያለበት ጥርጣሬ

ከሁሉም ጥርጣሬ አንዱን ግን እንዳያልፉት እንለምንዎታለን። ምናልባት የሚያነሳው ብዙ የማይናገር አንድ ታናሽ ወንድም ይሆናል፦ «ከውጭ ተሠርተሽ ስትመለሺ ማን ይከታተልሻል?» ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ መወሰድ አለባቸው፤ ደምም በየጊዜው መመርመር አለበት። አዘውትሮ የሚያስመልስ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ካጣ አእምሮና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እነዚህን ይመልሱ፦

• ሌሊት ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም የልብ ምት መፍጠን ቢመጣ ወደየትኛው ሆስፒታል እሄዳለሁ? ጎንደር ነው ባህር ዳር? መኪናስ ማን ያቀርባል?
• የተሠራልኝን በጽሑፍ ይሰጡኛልን? የሚከታተለኝ የአገር ቤት ሐኪም ተስማምቷልን?
• የቫይታሚኑን ወጪ ከወንድሜ ገንዘብ በኋላ ማን ይሸፍናል?
• መድኃኒቶቹ ከምን የተሠሩ ናቸው? የእንክብል ሽፋን ከእንስሳ ጄላቲን ሊሆን ይችላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው የሄፓሪን መርፌም ብዙ ጊዜ ከአሳማ አንጀት ይዘጋጃል። አስቀድመው ከጠየቁ እንደ ፎንዳፓሪኑክስ ያለ በፋብሪካ የተቀመመ አማራጭ ሊገኝ ይችላል። አማራጭ ካልተገኘም ዓሊምዎን ያማክሩ እንጂ መርፌውን በራስዎ አይተዉ፤ ሕይወት የሚያድን ነው።

ለእነዚህ መልስ ከሌለ ቀዶ ጥገናውን ማቆየት ሽንፈት አይደለም። የወንድምን ጥርጣሬ ሰምቶ ዝግጅትን ማሟላት ብልህነት ነው።

ለጠራጣሪ ወገኖች አንድ ቃል

እርስዎ እናት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ከሆኑ ደግሞ ከመፍረድዎ በፊት «ሐኪሙ ምን አለሽ? እኔስ ምን ልርዳሽ?» ብለው ይጠይቁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላም በዒድ ማዕድ ላይ «አንድ ጉርሻ ለእኔ ስትይ» ብለው አያስጨንቋት። ያቺ አንድ ጉርሻ ለእርስዎ ፍቅር ናት፤ ለእርሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ማስመለስ ልትሆን ትችላለች። ፍቅርዎን በአጥንት የጸዳ ዓሣና በቀዝቃዛ ውሃ ይግለጹላት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን፣ ለቤተሰቦቻቸውም መግባባትን ይስጥልን።